ማዕድ ላይ ሞት የሚያወሩት ጋሼ

የእናቴ ወንድም ጋሼ ካረፉ ወዲህ አትላባራ በሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን ምሳ ሰዓት ላይ ጭር ይላል። እሳቸው ታሪክ ካላወሩ ምግብ አይበሉም ነበር፤ ያውም የጥንት ታላላቅ ሰዎችን እንግዳ አሟሟት።

“አንዱን የግሪክ ጸሐፊ ንስር ከሰማይ ኤሊ ጥሎበት ገደለው፤ ሌላውን ደግሞ አንዲት የወይን ፍሬ አነቀችው ይባላል” ሲሉ ልጆቼ ይንጫጫሉ።

“ኧረ ጋሼ፣ ምግብ ላይ ሞት አያንሱብኝ!” እላለሁ።

“አንቺ ደግሞ፣ ኤሊ እንዳይወድቅብሽ ቤት ውስጥ ዣንጥላ ያዢ!”

አንድ እሑድ ከወንዙ ዳር ወደብ የገዛሁትን ዓሣ አቅርቤ ትንሹን ልጄን ትልቅ ጉርሻ አጎረስኩት። ወዲያው ዓይኑ ፈጠጠ፤ ድምፁ ጠፋ። ውሃ ላጠጣው ስነሣ ጋሼ “ውሃውን ተዪ!” ብለው ጮኹ። ልጁን ክንዳቸው ላይ ደፍተው ጀርባውን ደጋግመው መቱት። ጉርሻው ወጣና ልጁ አለቀሰ። የልጅ ልቅሶ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

“ጉርሻሽን አሳንሺ፣ ልጄ” አሉኝ። “የዚህን ልጅ ታሪክ ማውራት አልፈልግም።”

አሁን ቦታቸው ባዶ ነው። ለልጄ ትንሽ ጉርሻ ጠቅልዬ አጎርሰዋለሁ፤ እስኪውጥ ድረስ እንደ ጋሼ አብሮኝ የሚያየው ሰው ስለሌለ ግን፣ ትንፋሼን ይዤ ብቻዬን እጠብቃለሁ።