የደሴ ልክ፣ የአል አመራት ሞተር

ፈሪ ነኝ። ይኼን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል፤ ኋላ የሠራሁትን ሰምቶ «ደፋር ነበረች» የሚል እንዳይኖር። ደሴን ለቅቄ ዐረብ አገር፣ አል አመራት፣ በቤት ሠራተኝነት ከአንድ ቤተሰብ ጋር በኖርኩባቸው ዓመታት ያልፈራሁት ነገር አልነበረም። የእመቤቴን የማማን የእግር ኮቴ ፈራሁ፣ የልብስ ማጠቢያውን ጩኸት ፈራሁ፣ ወደ ባሕሩ ዳር፣ ወደ ቁሩም ስንወርድ ያለውን ቁልቁለት ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምወርደው። ከሁሉ የባሰው ግን የልጁ ሞተር ነው።

ሞተሩ ባለ አራት ጎማ ነው፣ አሸዋ ላይ የሚጋልቡበት ዓይነት። ልጁ ደግሞ የቤቱ የበኩር ልጅ፣ ሃያ ዓመት የሞላው ጎረምሳ ነው። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ፒክአፕ ላይ ጭኖት ቦሸር ወደሚባለው የአሸዋ ኮረብታ ይሄዳል። በዚህ ብቻ ቢያበቃ ምን ቸገረኝ፤ ቢሰበርም የራሱ አንገት ነው። ነገር ግን ታናሽ እህቱን ከኋላው አፈናጦ ነበር የሚጋልበው። ትንሿ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው። እኔ እዚያ ቤት ስገባ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የምትተኛው እኔ ክፍል፣ የምትበላው ከእኔ እጅ ነው። ወላሂ፣ ብወልዳትም ከዚያ በላይ አልወዳትም ነበር።

አንድ ቀን ልጁ ትልቅ ካርቶን ተሸክሞ መጣ። ውስጡ አዲስ ማርሚታ አለ፣ የሚያብረቀርቅ ጭስ ማውጫ፣ ሰፊና አጭር። ሌላም ነበረ፤ የአየር ማጣሪያው የሚቀመጥበትን ሳጥን አውጥቶ በምትኩ የሚሰካው ክፍት ፊልትሮ። ግቢው ውስጥ ሁለቱንም ገጥሞ ሲያስነሳው የጎረቤት ፍየሎች በረገጉ። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ቤንዚን ሲሰጠው ያጓራል፣ ሲቀንስለት ደግሞ «ጧ! ጧ!» እያለ ይተኩሳል። ትንሿ ጆሮዋን ይዛ ቀሚሴ ውስጥ ተደበቀች።

አሁን አባቴን ላስተዋውቅ። አባቴ ደሴ ላይ ሞተር ሳይክል የሚጠግኑ መካኒክ ነበሩ። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ካቻቢቴና ፒንሳ አቀባያቸው እኔ ነበርኩ። አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ከልብሴ ላይ የግራሶ ሽታ ለቆ አያውቅም። ከሚሌና ከአሳይታ በኩል የሚመጡ ሞተሮች ደሴ ሲደርሱ ይታፈናሉ፤ ጥቁር ጭስ ይተፋሉ፣ ይተኩሳሉ። አባቴ ካርቡሬተሩን ከላይ ከፍተው ውስጡ ያለችውን ቀጭን መርፌ ያወጡና አንድ እርከን ዝቅ ያደርጓታል። መርፌዋ ዝቅ ስትል ቤንዚኑ ይቀንሳል። ሞተሩም ጉሮሮው ይጠራለታል። ይኼን መቶ ጊዜ አይቻለሁ። ለምን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ቁልፍ አቀባይ ምን ቆርጦት ይጠይቃል!

ስለዚህ ልጁን ቀረብ ብዬ፣ «አፍንጫውንም ጅራቱንም ከከፈትክለት ቤንዚኑም አብሮ መስተካከል አለበት» አልኩት።

ሳቀብኝ። «ባለሱቁ ግጠምና ንዳ ነው ያለኝ። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም! ያላ፣ አንቺ ሩዝሽን ቀቅዪ።»

ምን ልበል? ሄጄ ሩዜን ቀቀልኩ። ያን ሳምንት ግን እንቅልፍ የሚባል ዓይኔን አልጎበኘውም። ዓርብ ትንሿን ይዟት ሲወጣ ልቤ አብሯት ይወጣል፤ ማታ መግሪብ ላይ ፒክአፑ ሲገባ ደግሞ ሩጬ እጅ እግሯን እቆጥራለሁ። ማማ «ምን ሆነሻል?» ስትለኝ «ምንም» እላለሁ። የቤት ሠራተኛ ስለ ሞተር ተናገረች ቢባል ማን ይሰማታል?

በሦስተኛው ሳምንት አልቻልኩም። ቀትር ላይ ነበር፤ ሁሉም ምሳ በልቶ የአየር ማቀዝቀዣውን ኩለር ከፍቶ የሚተኛበት ሰዓት። ካቻቢቴ ከጓዳ፣ የካንዴላ ቁልፍ ከልጁ የዕቃ ሳጥን አወጣሁና ሞተሩ ወደቆመበት ጥላ ተጠጋሁ። የሰው ንብረት፣ ያውም የወንድ ልጅ ሞተር! ቢያዩኝ በሚቀጥለው አውሮፕላን ነበር የሚሸኙኝ። መጀመሪያ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈታሁ። ነጭ ነው፣ ጥቀርሻ የሚባል አልነካውም። «ይኼስ ንጹህ ነው» አልኩ በልቤ። አባቴ የሚራገሙት ጥቁሩን ካንዴላ ነበርና። ከዚያ ካርቡሬተሩን ከፍቼ መርፌዋን አንድ እርከን ዝቅ አደረግኳት። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም፤ እጄ አልረሳም ነበር።

በማግሥቱ ልጁ ግቢ ውስጥ አስነሳው፣ ቆሞ ሲሠራ ድምፁ ደህና ነው። አይ ኩራት! ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ። ልጅቷን ያዳንኳት መሰለኝ።

ዓርብ ደረሰ። ፒክአፑ ሞተሩንም ትንሿንም ይዞ ወጣ። እሷ በመስኮት እጇን እያወዛወዘች ነበር። ማማ በወር አንድ ዓርብ ባቃላው፣ የሰፈሩ ሱቅ፣ አጠገብ ካለው የመንገድ ስልክ በካርድ አገሬ እንድደውል ፈቅዳልኝ ነበርና ሄጄ አባቴ ጋ ደወልኩ።

«አባባ፣ ሰሞኑን ምን እንደሠራሁ ቢያውቁ! ሞተር አበጀሁ!»

ሳቃቸው ከደሴ ድረስ ተሰማኝ። «ምን ሆኖ አገኘሽው?»

«ማርሚታውንም ፊልትሮውንም ቀይረውት ይተኩስ ነበር። መርፌዋን አንድ እርከን ዝቅ አደረግኩለት።»

«ካንዴላውን አይተሻል?»

«አይቻለሁ። ነጭ፣ ንጹህ።»

ሳቃቸው ተቋረጠ።

«ልጄ፣ ያለሽበት አገር ደጋ ነው ቆላ?»

«ቆላ ነው እንጂ፣ ባሕሩ እኮ ቅርብ ነው።»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ። ድምፃቸው ተለወጠ። «የኔ ልጅ፣ እኔ ቤንዚን የምቀንሰው የደሴ አየር ስስ ስለሆነ ነው። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው። በዚያ ላይ ልጁ መግቢያውንም መውጫውንም ከፍቶለታል፤ ከድሮው የበለጠ አየር ይስባል። ቤንዚን አነሰኝ እያለ ነበር የሚተኩሰው። ነጭ ካንዴላ ንጹህ ማለት አይደለም፣ ተርቧል ማለት ነው። አንቺ ደግሞ ያለችውንም ቀነስሽበት።»

«ቆሞ ሲሠራ ግን ደህና ነበር» አልኩ።

«ቆሞ ምን ይታወቃል! መርፌዋ ሥራዋን የምትጀምረው ሲጋለብ ነው። አሸዋ ሽቅብ በሙሉ ጉልበቱ ሲነዳው ይግላል፣ ፒስተኑ ያብጥና ይጣበቃል፣ ጎማው መዞሩን ትቶ ባለበት ይደርቃል። ማን ነው የሚነዳው?»

ስልኩን ሰቀልኩት መሰለኝ፤ እንዴት እንደተለየኋቸው አላስታውስም። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይላሉ፤ እኔ የለቀለቅኩት ግን ንፍጥ አይደለም።

አሁን የምናገረውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ቤት ስገባ የቤቱ አባወራ ባባና ማማ ሳሎን ተቀምጠው ነበር። አንድ ቃል ብናገር ባባ ስልኩን አንስቶ ለልጁ ይደውልለት ነበር። እኔ ግን ወጥ ቤት ገባሁና ሳህን ማጠብ ጀመርኩ። «ይኼን ሳህን ልጨርስና እነግራቸዋለሁ» አልኩ። ጨረስኩ። «ድስቱን ልጨርስና» አልኩ። ምን እንደሚሉኝ አስብ ነበር፤ ጩኸቱን፣ ፓስፖርቴን፣ አውሮፕላኑን። ድስቱን ሁለት ጊዜ አጠብኩት። ሦስተኛ ላጥበው ስል የባባ ስልክ ጮኸ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሞተሩ አሸዋው ወገብ ላይ በሙሉ ጉልበት እየወጣ ሳለ ድርቅ ብሎ ቆሞ ተገልብጦ ነበር። ልጁ ፊቱ ተልጧል። ትንሿ ወደ ጎን ተወርውራ ቀኝ ክንዷ ተሰብሯል። ከሆስፒታል ሲያመጧት ክንዷ በጀሶ ታስሮ ነበር፤ እኔን ስታይ ነው ማልቀስ የጀመረችው፤ እስከዚያ አላለቀሰችም አሉ። አቅፌያት ተቀመጥኩ። ምድር አፏን ከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ያን ምሽት ለማማ ነገርኳት። «እኔ ነኝ፣ ሞተሩን ነካካሁት፣ ቤንዚኑን ቀነስኩበት» አልኳት። በድካም አየችኝ። «ድንጋጤ ነው። ስለምትወጃት ነው። ሂጂ ተኚ» አለችኝ። ለባባ ነገረችው፣ እሱም «መስኪና» አለና ራሱን ነቀነቀ፤ ምስኪን ማለቱ ነው። ልጁም በተላጠ ፊቱ ሳቀ፦ «እሷ? የጋዝ ምድጃ ማብራት የምትፈራው? አሸዋ ገብቶበት ነው!»

አለማመናቸው አሳፍሮኝ ይሆን አናድዶኝ አላውቅም፤ ሁለቱም ይመስለኛል። አንዲት ክፉ ሐሳብ ግን መጣችብኝ፦ አልሐምዱሊላህ፣ ተናግሬያለሁ፣ አላመኑኝም፣ ኻላስ፣ በቃ። በዚህች ሐሳብ አንድ ወር ያህል ኖርኩ።

ከዚያ ሞተሩ ከጋራዥ ተመለሰ። አዲስ ፒስተን ገብቶለታል፤ ማርሚታውም ፊልትሮውም እንደነበሩ ናቸው። ልጁን «ካርቡሬተሩን ከፍተውት ነበር?» አልኩት። «ለምን ይከፍቱታል?» አለኝ። ያቺ መርፌ እኔ ያስቀመጥኳት ቦታ ላይ ነበረች ማለት ነው። የትንሿ ጀሶ በዚያው ሳምንት ተፈታ። ወንድሟ «ዓርብ እወስድሻለሁ» ሲላት ዘለለች። እናትየዋም ልጅቷ ፈርታ እንዳትቀር ብላ ፈቀደች።

ለመንኳቸው። አሁንም «መስኪና» አሉኝ። እኔ ደግሞ መርፌዋን ቀትር ላይ ተደብቄ መመለስ እችል ነበር፤ አስቤውም ነበር። ግን መርፌዋ ብቻ አትበቃም፤ አባቴ በሌላ ቀን ስደውል ነግረውኛል፣ ከታች ያለችው ቤንዚን የምታሳልፍ የነሐስ ቡሽም ሰፋ ባለች መቀየር አለባት። ያቺን የሚገዛት ልጁ ነው። የሚገዛት ደግሞ ካመነኝ ነው። እንዲያምነኝ ሞተር እንደማውቅ በዓይኑ ማየት አለበት። ያን ካየ ደግሞ ያን ቀን የሠራሁትንም ያምናል። ሌላ መንገድ ፈልጌ አጣሁ፤ ወላሂ ፈልጌያለሁ።

ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ባባ ግቢ ውስጥ ሻይ ይጠጣል፣ ልጁ ሞተሩን ይወለውላል። ካቻቢቴዬንና የካንዴላ ቁልፉን ይዤ ወጣሁ። ልጁን፣ «መንገዱን እስከ ጫፍ በሙሉ ቤንዚን ንዳው፣ እዚያው አጥፋውና ገፍተህ አምጣው» አልኩት። ድምፄ እንደዚያ ወጥቶ አያውቅም፤ ለዚህ መሰለኝ የታዘዘኝ። ሲመለስ ካንዴላውን ፈትቼ በጨርቅ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ነጭ ነው። ገና ሳታሞቀው ነጭ ነው። መሆን ያለበት ቡናማ ነው። ካርቡሬተሩን ሳልከፍት ልንገርህ፣ መርፌዋ ከላይኛው እርከን ላይ ታስራለች፤ ስለዚህ ዝቅ ብላ ነው የተንጠለጠለችው።»

ከፈትኩት። እንዳልኩት ነበረች። ሁለት እርከን ከፍ አድርጌ መልሼ ገጠምኩና እንደገና ላክሁት። ያ «ጧ ጧ» ቀነሰ፤ ካንዴላውም በመጠኑ ቀለም ያዘ። «የቀረው የነሐሷ ቡሽ ናት፣ ሰፋ ያለች ግዛ። እሷ እስክትገባ ትንሿን አትጫናት» አልኩት።

ልጁ አልሳቀም። ባባ የሻይ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። በግራሶ የቆሸሹ እጆቼን አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ፣ «እንግዲያው ያን ቀን ያልሽው እውነት ነው?» አለኝ።

«እውነት ነው ባባ። እኔ ነኝ።»

ማማ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም። «ያ ሩሒ፣ ነፍሴ፣ ነይ ወደኔ» ብላ ትንሿን ጠራቻት፣ ልጅቷም ወደ እናቷ ሄደች። ያን ምሽት የልጅቷ ፍራሽ ከእኔ ክፍል ወጣ።

አላባረሩኝም። ኮንትራቴ እስኪያልቅ ሰባት ወር ቆየሁ፤ ጽዳትና ወጥ ቤት ብቻ፣ ትንሿን መያዝ ቀረ። ልጁ ቡሿን ቀየረ። ትንሿም ከዚያ ወዲያ ስንት ዓርብ ሄዳ ስንት ዓርብ በደህና ተመለሰች። አንድ ጠዋት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲመጣ እንደ ድሮዋ መንገዱን እንዳሻግራት እጇን ዘረጋችልኝ። እናቷ በመስኮት ታይ ነበር። ሁለት እጄን ከኋላዬ አድርጌ፣ «ማማን ጥሪያት» አልኳት።