የጃፓኑ ፊልምና የእኔ ጠበል

ልጄ ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ አስተርጓሚ ናት። እዚህ ባዕድ አገር ተወልዳ አማርኛውን ከየት እንዳመጣችው ሲጠይቋት «ከጃፓን ካርቱን» ትላለች፤ ሰው ይስቃል። የቪዲዮ ማጫወቻ ዴኩን ያቃጠልኩት እኔን ግን ብዙም አያስቀኝም።

ያኔ የምንኖረው ሲዋርድ የሚባል ሰፈር ነበር፣ እሷም ዘጠኝ ዓመቷ። ስጠራት መልሷ «ዋት?» ነበር። በአማርኛ አወራታለሁ፣ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ የአረጋውያን መጦሪያ ሥራዬን ያህል ነው፤ አመመህ ወይ፣ ውሃ ልስጥሽ፣ ዞር በል፤ ከዚያ አያልፍም። አንድ ጣሪያ ሥር ባዕድ ሆነን እንዳንቀር እፈራ ነበር።

አንድ ቀን ከላይብረሪ ያንን የጃፓን ካርቱን ፊልም ተውሳ መጣች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በየቀኑ እሱው ነው። ንግግሩ ጃፓንኛ፣ ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍ እንግሊዝኛ፤ አንዱም አልገባኝም። የማየው ዓይን የሌላቸው መናፍስት አንዲት ልጅ ከበው ሲሄዱ ብቻ ነው። ሽንኩርት እየከተፍኩ ብቅ እላለሁ፣ አማትቤ እመለሳለሁ፣ ደግሞ ብቅ። መቀመጥ አልቻልኩም። ልጄን የወሰዱብኝ እነሱ መሰሉኝ።

አንድ ጠዋት እሷ ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ ከአገር ቤት የመጣልኝን ጠበል አውጥቼ ቴሌቪዥኑም ዴኩም ላይ ረጨሁ። ከሰዓት መጥታ ዴኩን ስትከፍተው ጭስ ሸተተና ድርግም አለ። እውነቱን ነገርኳት።

«ፊልሙ ስለምን እንደሆነ እንኳ ሳታውቂ» አለችኝ፤ እሱንም በእንግሊዝኛ። ሦስት ቀን ዘጋችኝ። ቤቱ ጠበበኝ፤ የታጠበ ሰሃን መልሼ አጥብ ነበር።

በአራተኛው ቀን አጠገቧ ተቀመጥኩ። «በእንግሊዝኛ አይገባኝም። ፊልሙን በአማርኛ ንገሪኝ» አልኳት።

መተረክ ጀመረች። መናፍስት የእናቷን ድምፅ የወሰዱባት ልጅ ናት፤ ልታስመልስላት አገራቸው ድረስ ትሄዳለች። ቃል ሲጠፋት ብድግ ብላ በእጇም በእግሯም ታሳየኛለች፣ እኔ ቃሉን እሰጣታለሁ። ድልድይ። ጭንብል። ቃል ኪዳን። ተረኩ ሁለት ከሰዓት ፈጀብን። እነዚያ ዓይን የሌላቸው ለካ መንገድ የሚያሳዩዋት ኖረዋል፤ አፈርኩ።

«እናትየዋ አፏን ስትከፍት ፊልሙ ያልቃል» አለችኝ።

«ታዲያ ምን አለች?» ለማወቅ ተቁነጠነጥኩ።

«አላውቅም ማሚ። አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?»

በሕፃንነቷ የማቆላምጥበትን ስሟን ጠራሁ።

«አቤት» አለችኝ።