ኮማውን ብቻ አረምኩላቸው

በዘጠናዎቹ መጨረሻ የምማርበት ዩኒቨርሲቲ ዳውንታውን አትላንታ ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ ስደርስ እዚያው ቱተር ሆኜ ተቀጠርኩ። ሥራዬ አዲስ የገቡ ተማሪዎች ወረቀት ሲጽፉ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ማገዝ ነው።

ለዚህ ሥራ ያበቃኝ እንግሊዝኛዬ አይመስለኝም። ወድቄ ስለተማርኩ ነው። አንደኛ ዓመት ሳለሁ ኦፊስ አወር የሚሉት፣ ተማሪ ቢሮ ሄዶ አስተማሪውን የሚጠይቅበት ሰዓት፣ ለእኔ አስተማሪው በሩን ዘግቶ የራሱን ሥራ የሚሠራበት ሰዓት ይመስለኝ ነበር፤ እንዳልረብሸው ብዬ አንድም ቀን አላንኳኳሁ። ክፍል ውስጥም ዝም ማለት ጨዋነት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ “አትሳተፍም” ተብሎ ውጤቴ ወረደ። ቀድሞ የነገረኝ የለም። የሚነገር ነገር አይደለማ! እዚህ ያደገው ያውቀዋል፤ ያላደገው ይወድቅበታል።

እሳቸው የመጡት ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ነው። አርባዎቹን ያጋመሱ፣ ደሴ ብዙ ዓመት ያስተማሩ፣ ዲቪ ደርሷቸው የመጡ ሴት ናቸው። ጠዋት ይማራሉ፣ ከሰዓት በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ ዱሉዝ አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ ያሽጋሉ። “ስምሽን የቱተሮቹ ዝርዝር ላይ ሳይ፣ የአገሬ ልጅ እያለች ምን አለፋኝ አልኩ” አሉኝ።

የመጀመሪያ ወረቀታቸው “ስለዚህ ርዕስ ለመጻፍ እውቀቴ በጣም ትንሽ ነው” ብሎ ይጀምራል።

“እትዬ፣ ይሄ ይውጣ” አልኳቸው።

“ምነው፣ ትሕትና አይወዱም?”

“ወረቀት ላይ አይፈልጉትም። የሚሉትን መጀመሪያ ይበሉት፣ ከዚያ ያስረዱ።”

“ሰላም ሳይሉ ዘው ብሎ መግባት!” ብለው ሳቁና ሰረዙት። አስተማሪያቸውን ሄደው ይጠይቁ ስላቸው ግን ፈሩ። እስከ ቢሮው በር ሸኝቻቸው እኔው አንኳኳሁላቸው። ሲወጡ ፊታቸው በርቶ ነበር።

ሦስተኛው ወረቀት ስለ ሕፃናት አስተዳደግ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ የእሳቸው ነው፤ ስህተቱም፣ አካሄዱም። ሁለተኛው ገጽ ላይ እንግሊዝኛው ተለወጠ። ረጅም፣ ምንም እንከን የማይወጣለት፣ እኔ ራሴ መዝገበ ቃላት የምገልጥበት ዓይነት። ከመጽሐፍ የተወሰደ መሆኑን ወዲያው አወቅኩ።

“ይሄ የማን ቃል ነው?” ማለት ነበረብኝ። ግን የእናቴ እኩያ ናቸው፤ የሰው ልጅ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው። ሰርቀዋል ያልኳቸው እንዳይመስላቸው ይሉኝታ ያዘኝ። ለብዙ ጊዜ ጥፋቴን በይሉኝታ ሳሳብብ ኖርኩ። እውነቱ ግን ሌላም አለው፤ የራሴ ፈተና ደርሶ ነበር፣ ነገሩን ከጀመርኩት ደግሞ ወረቀቱን እንደ አዲስ ማስጻፍ ሊኖርብኝ ነው። ሁለት ኮማ ጨመርኩ፣ አንድ አወጣሁ። “ጥሩ ነው” አልኳቸው።

“እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ” ብለው ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ።

ብዙም ሳይቆይ የሰው ጽሑፍ የራሳቸው አስመስለው አቀረቡ ተብሎ የዩኒቨርሲቲው ዲሲፕሊን ኮሚቴ ዘንድ ሁለታችንም ተጠራን፤ እሳቸው በተከሳሽነት፣ እኔ ወረቀቱን ያየሁ ቱተር ስለሆንኩ። በር ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ ግራ እንደተጋባ ሰው ቀስ ብለው አወሩኝ።

“እኔ ሙሉ ማርክ የምሰጠው የመጽሐፉን ቃል ሳያዛንፍ ለሚጽፍ ተማሪ ነበር። ደግሞ አልገለበጥኩም እኮ። በቃሌ ይዤ ነው የጻፍኩት። ሦስት ቀን ሙሉ አጥንቼ።”

ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። መሐል የተቀመጠችው ሴት ወደ እኔ ዞራ፣ “ስታነቢው የተለየ ነገር አላየሽበትም?” አለችኝ። እትዬ ቀና ብለው አዩኝ። ልመና አልነበረበትም አስተያየታቸው፤ የሚያውቀውን የሚናገር ምስክር እንደሚጠብቅ ሰው ነበር። አይቻለሁ፣ ስህተት መሆኑንም አልነገርኳቸውም ብል ኖሮ ጥፋቱ ለሁለት ይከፈል ነበር። እኔም ሥራዬን አጣ ነበር።

“አላየሁም” አልኩ።

ከኮርሱ ጣሏቸው፣ ለአንድ ሴሚስተርም አገዷቸው። ሊፍት ስንጠብቅ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ “አንቺም አላየሽውም?” አሉኝ።

“አላየሁም፣ እትዬ።”

“ይሁና። እዚህ የተማርሽው ካላየሽው፣ እኔ በምን አውቀው ኖሯል?”

እገዳቸው ሲያልቅም አልተመለሱም። እኔ ግን በዓመቱ መጨረሻ ምስጋና ተጻፈልኝ፤ ከውጭ አገር የመጡ ተማሪዎችን ስሜት የምትረዳ፣ ይላል። ስመረቅም እዚያው አስቀሩኝ፤ አዳዲስ ቱተሮችን የማሠለጥነው እኔ ሆንኩ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ አንድ ጠዋት፣ የዘወትሩ መኪና ማቆሚያዬ ሞልቶብኝ ከቢሮዬ ጀርባ ያለ ፓርኪንግ ገባሁ። ትኬት ልቀበል መስኮቴን ዝቅ ሳደርግ እሳቸው ናቸው። ፀጉራቸው ሸብቷል። ወዲያው አወቁኝ።

“ትምህርቱን ጨረስሽ?”

“ጨረስኩ፣ እትዬ። እርስዎስ...” አልኩና አፈርኩ።

“እኔማ ይኸው። ልጆቹ ይማራሉ።”

በዚያች ቅጽበት ልነግራቸው ፈለግሁ። አይቼው ነበር እኮ፣ ልላቸው። ከኋላዬ ያለው መኪና ጥሩምባውን ነፋ። እሳቸው መዝጊያውን አነሱልኝና “እለፊ፣ ሰው አታስቁሚ” አሉኝ።

አለፍኩ። ከዚያን ቀን በኋላ እዚያ ፓርክ አድርጌ አላውቅም።