እግራቸው ያልደረሰበት ወረቀት

ጋሽ ሉልሰገድ ተማሪ የጻፈበትን ቦታ በእግራቸው ሄደው ሳያዩ ነጥብ አይሰጡም። ይህን የማያውቅ የኮሌጁ ተማሪ የለም። ጊዮርጊስ አጠገብ፣ ከጫማ መደብሮቹ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ የግል ኮሌጅ ውስጥ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የአማርኛ ጽሑፍ ማስተማር ከጀመሩ ሃያ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። በየዓመቱ የሚሰጡት የመጀመሪያ የቤት ሥራም ያው አንድ ነው፤ «ከዚህ ተነስቶ በእግር የሚደረስበትን፣ የምታውቁትን አንድ ቦታ ጻፉ።» ወረቀቱን ይሰበስቡና ባርኔጣቸውን ደፍተው ይወጣሉ።

አንድ ዓመት አንዲት ተማሪ ስለ አትክልት ተራ ተሸካሚዎች ጽፋ ነበር። ጋሽ ሉልሰገድ ሄደው መሃል መንገድ ላይ ተገትረው ቆሙ። የሽንኩርት ጆንያ የተሸከመ ጎልማሳ «አባት፣ ወይ ያግዙን ወይ ዞር ይበሉ!» ብሎ አምባረቀባቸው። ተመልሰው የልጅቱን ነጥብ ከፍ አደረጉት፤ «እዚያ ቦታ ቆሞ ማየት እንደማይቻል ጽፋለች፤ እውነቷን ነው» አሉ። ተማሪዎቹ «ጋሽ ጂፒኤስ» ይሏቸዋል። እሳቸውም ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፋሉ። እንዲያውም ደስ ሳይላቸው አይቀርም።

አምና ግን እሪ በከንቱ ሰፈር ለልማት ሲነሳ የእሳቸውም ቤት አብሮ ተነሳ። አርባ ዓመት የኖሩበትን ቤት ለቀው ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገቡ። አዲሱ ቤት ውሃም መብራትም አለው፤ ቅሬታ የለኝም ይላሉ። ቅሬታ የሌለው ሰው ግን በዚያ በኩል ለማለፍ ምን ያስፈራዋል? ከዚያ ቀን ወዲህ ከኮሌጁ ወደ ታች የሚወስደውን መንገድ ረግጠውት አያውቁም። ታክሲ ላይ ሆነው እንኳ ፊታቸውን ወደ ሌላው መስኮት ያዞራሉ።

በዚህ መሃል ፀደንያ መጣች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ ከሐዋሳ የመጣች ትጉህ ልጅ። ዲኑ ጋሽ ሉልሰገድን ጠርተው፣ ይህ ወሰነ ትምህርት ሲያልቅ ጡረታ እንደሚወጡ፣ እስከዚያ ግን እሷን ሥራ እንዲያስለምዱ ነገሯቸው። ጋሽ ሉልሰገድም የኋላው ወንበር ላይ እየተቀመጡ ስታስተምር ይሰሟት ጀመር። ስታርም ደግሞ አጠገቧ ይቀመጣሉ።

«መጀመሪያ የብዕርሽን ክዳን ሳትከፍቺ አንብቢ» አሏት። «ክፍት ብዕር የያዘ ሰው ስህተት እንጂ ሰው አያይም።»

ይህን ወደደችው። የእግር ጉዞው ግን አልዋጥልሽ አላት።

«ጋሽ ሉልሰገድ፣ ሰባ ሁለት ተማሪ እኮ ነው ያለኝ። ሰባ ሁለት ቦታ ልዙር?»

«ሰባ ሁለቱንም አይደለም። የተጠራጠርሽውን ብቻ።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የተጠራጠረችው መጣ። ሁለት ወረቀት ይዛ መምህራን ክፍል ገባችና ጠረጴዛቸው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋችው። አንደኛው የናዝራዊት ነው፤ ሁለተኛው የጎይቶም። ሁለቱም የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ናቸው፤ ሁለቱም ስለ ፈረሰ ግቢ ጽፈዋል። መጨረሻቸው ላይ ያሉት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ከቃል እስከ ነጥብ አንድ ናቸው፦

«ቤት ክፍት ተትቶ አይኬድም። እንግዳ ቢመጣና ተቆልፎ ቢያገኘው የሉም ብሎ ይመለሳል። ክፍት ካገኘው ግን ሞተዋል ይላል።»

«ለየብቻ ጠርቼ ማን ከማን እንደገለበጠ ጠየቅኳቸው» አለች ፀደንያ። «ናዝራዊት አልገለበጥኩም ብላ አለቀሰች። ጎይቶም ደግሞ የራሴ ቤት ነው ብቻ አለኝ። አንዱ ይዋሻል።»

የኮሌጁ ደንብ የገለበጠውንም ያስገለበጠውንም ለአንድ ዓመት ያግዳል። ሪፖርቱ ዓርብ ከስድስት ሰዓት በፊት ዲኑ ጋ መግባት አለበት፤ አዲስ መምህር ብቻዋን ማቅረብ ስለማትችልም የጋሽ ሉልሰገድ ፊርማ ያስፈልጋል። ፀደንያ ሪፖርቱን ጽፋ ጨርሳለች።

ጋሽ ሉልሰገድ የናዝራዊትን ወረቀት አነሱ። «እሪ በከንቱ፣ ከአሮጌው ጽድ ዝቅ ብሎ፣ ሰባት አባወራ በአንድ ቦኖ ውሃ...» የሚለውን እንዳነበቡ ወረቀቱን ገልብጠው አስቀመጡት። ብዕራቸውን አውጥተው ሪፖርቱ ላይ ፈረሙ።

«እንዲያው ሄደን እንይ ይሉኛል ብዬ ነበር» አለች ፀደንያ፣ ፊርማው ገና ሳይደርቅ።

«ምን አለና ነው የሚታየው?» አሏት። ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ።

ዓርብ ጠዋት እንደ ወትሮው ጊዮርጊስ ለመሳለም ገቡ። ደጁ ላይ ግን አፋቸው ጸሎት እንቢ አለ። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ሳያነቡና ሳይረግጡ የፈረሙበት ወረቀት ይህ ብቻ ነው። እሱም የሁለት ልጆች ዓመት የሚበላ ወረቀት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እሳቸው ደግሞ ቸኩለው እንኳ አይደለም፣ ፈርተው ነው። አፈሩ፤ በዚህ ዕድሜያቸው፣ በፀደንያ ፊት በጣም አፈሩ።

ሁለት ሰዓት ላይ ፀደንያን መምህራን ክፍል አገኟት። ሪፖርቱ ገና ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። «ወረቀቶቹን አምጪልኝ» አሏትና ብዕራቸውን እንደተከደነ ጠረጴዛው ላይ አኑረው ሁለቱንም ከላይ እስከ ታች አነበቡ።

«ናዝራዊት ቤት ፀሐይ በበር የሚገባው ጠዋት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ጎይቶም ቤት ደግሞ ከሰዓት በኋላ። ልጄ፣ እነዚህ ልጆች ፊት ለፊት የኖሩ ናቸው።»

«ታዲያ ጎረቤት ከሆኑማ መገልበጡ ይቀላቸዋል!»

ጋሽ ሉልሰገድ ወረቀቶቹን ሰበሰቡ። ነገሩ ትክክል ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉና ተነሱ። «ልጆቹን ጥሪያቸው። እንሂድ።»

«ግቢው ፈርሷል ብለው ጽፈው የለ? ምን እናያለን?»

«እሱን እኔም አላውቅም።»

አራቱም ቁልቁል ወረዱ። ጋሽ ሉልሰገድ ዓመት ሙሉ የሸሹትን መንገድ ሲይዙ ባርኔጣቸውን የሚያስተካክሉ መስለው ሁለት ጊዜ ቆሙ። ከታች ያገኙት ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ ንጹሕ ንጣፍ፣ አዲስ ሣርና አግዳሚ ወንበር ነው። ከድሮው የቀረው አሮጌው ጽድ ብቻ ነበር። እሱም ብቻውን ሲቆም ያጠረ መሰላቸው።

«ከዛፉ ተነሱና የየቤታችሁ በር የነበረበት ቦታ ቁሙ» አሉ ልጆቹን። «እንዳትነጋገሩ።»

ናዝራዊት እርምጃዋን በከንፈሯ እየቆጠረች ወደ ግራ ሄደች። ጎይቶም ሳይቆጥር ወደ ቀኝ። ሃያ እርምጃ ያህል ተራርቀው ፊት ለፊት ቆሙ። ፀደንያ ክንዷን አጣምራ ታያለች፤ ይህ ብቻ እንዳላሳመናት ከፊቷ ያስታውቃል።

«አሁን ትምህርት ቤት እንደረፈደበት ሰው ከግቢው ውጡ።»

ልጆቹ ግራ ተጋብተው ተነሱ። ከሁለት በኩል መጥተው ተገናኙና ጎን ለጎን ወደ ዋናው መንገድ አመሩ። ጥቂት እንደሄዱ፣ ንጣፉ እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ በሆነበት ቦታ ላይ፣ ሁለቱም እኩል እግራቸውን ከፍ አድርገው አንስተው ተሻገሩ። ምንም አልነበረም። እነሱም እንዳደረጉት አላወቁም፤ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

«ቆይ!» አለች ፀደንያ። ድምጿ ተለውጧል። «ምኑን ነው የተሻገራችሁት?»

«ቦዩን» አለች ናዝራዊት፣ ወዲያው። ከዚያ ዝቅ ብላ አየች። ንጣፉን ስታይ እንባዋ መጣ።

ጎይቶም ጫማውን ተመለከተ። «ቲቸር፣ እኛ ከሄድን ዓመቱ ነው፤ እግራችን ግን ገና መልቀቂያ አልወሰደም» አለ። ሊያስቅ ፈልጎ ነበር። ማንም አልሳቀም።

«ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮችስ?» አለች ፀደንያ፣ አሁን በለሆሳስ።

«የእትዬ ተናኘወርቅ ናቸዋ!» አለ ጎይቶም። «መሃል ላይ በነበረችው ቤት ይኖሩ የነበሩት። ዕቃችንን የጫንን ቀን ሁላችንም በራችንን ወለል አድርገን ትተን ስንወጣ ተቆጡን። በማግስቱ ለሚፈርስ ቤት ቁልፍ ይዘው እየዞሩ ሰባቱንም በር አስቆለፉን። ያንን እያሉ ነው ያስቆለፉን። ገለበጣችሁ ካሉን ሰባቱም ቤት ከሳቸው ነው የገለበጠው።»

«የቤታችን ቁልፍ አሁንም እኔ ጋ አለ» አለች ናዝራዊት።

«ለምን ትናንት አልነገራችሁኝም?»

ልጆቹ ተያዩ። የመለሰችው ናዝራዊት ናት። «ማን ከማን እንደገለበጠ ነው የጠየቁን ቲቸር። የት እንደኖርን አልጠየቁንም።»

ፀደንያ ፊቷ ቀላ። ሪፖርቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ለሁለት ቀደደችው። አንድ ነገር ልትል ስትል ጋሽ ሉልሰገድ ቀደሟት። ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለቱ ተማሪዎች ፊት ቆሙ።

«የእሷ ስህተት የአዲስ ሰው ስህተት ነው» አሉ። «እኔ ግን እዚሁ አርባ ዓመት የኖርኩ ሰው ነኝ። የመጀመሪያውን መስመር እንዳየሁ ሰባት አባወራ በአንድ ግቢ ምን ማለት እንደሆነ አውቄያለሁ። ላየው ስላልፈለግኩ ሳላነብ ፈረምኩባችሁ። ይቅር በሉኝ።»

«ኧረ ጋሼ፣ በጊዮርጊስ! ባርኔጣዎን ያድርጉ!» አለ ጎይቶም ደንግጦ። ናዝራዊት እጃቸውን ያዘች። እሳቸው ባርኔጣውን አላደረጉም።

ልጆቹ ወደ ክፍል ሲመለሱ ሁለቱ መምህራን ዛፉ ሥር ቀሩ። ፀደንያ ወደ እሳቸው ዞር ብላ ጠየቀቻቸው።

«የእርስዎስ በር የት ነበር?»

ጋሽ ሉልሰገድ መራመድ ጀመሩ። ከዛፉ ዝቅ ብለው፣ ሣሩን አልፈው፣ አንድ አግዳሚ ወንበር አጠገብ ወደ ቀኝ ታጠፉ። የአሮጌው ቤታቸው በር ጉበን ዝቅ ያለ ነበር፤ አርባ ዓመት ሲገቡም ሲወጡም ጎንበስ ብለው ነው። እዚያ ሲደርሱ፣ ከላያቸው ባዶ ሰማይ ብቻ እያለ፣ አንገታቸውን ሰበሩና ጎንበስ ብለው አለፉ። ወዲያው ያደረጉት ነገር ገባቸውና ጀርባቸውን እንደሰጡ ቆመው እንባቸውን ለቀቁት። ዓመት ሙሉ ያልወጣ እንባ ነበር።

ፀደንያ ከኋላቸው እየተከተለች ነበር። ቁመቷ አጭር ነው፤ ማንኛውም ጉበን አይነካትም። እሳቸው ካጎነበሱበት ቦታ ስትደርስ ግን ቆም አለች፣ እሷም ጎንበስ አለች፣ ገባች።