ከዴራ የመጣው መርዶ

ዛሬም ኮምባይነር ሲጮህ በሰማሁ ቁጥር ያ ሰውዬ ትዝ ይለኛል፤ ደሜም ይፈላል። አሰላ ውስጥ የትራክተርና የኮምባይነር መጠገኛ ጋራዥ ነበረው። እኔ የመለዋወጫ ዕቃ ቤቱን ቁልፍ የምይዝ ሠራተኛው ነበርኩ።

ጋራዡ የቆመው በአንድ ዋና መካኒክ ነበር። ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን፤ የዴራ ሰው ነው። ከበቆጂ እስከ ሲሬ ሞተር የተበላሸበት ሁሉ የሚጠራው እሱን እንጂ ባለቤቱን አልነበረም።

አንድ የአጨዳ ወቅት ጠዋት ዘመዱ ከዴራ በአውቶቡስ መጥቶ የእናቱን ሞት አረዳው። ሙስሊም ናቸው፤ ሬሳ አያሳድሩም፣ ቀብሩ የዚያኑ ቀን ነው። ጋሼ እጁን በናፍጣ አጥቦ ባለቤቱ ፊት ቆመ።

«ጌታዬ፣ እናቴ ሞታለች። ልቅበርና ነገ እመለሳለሁ፣ ወላሂ።»

«ኮምባይነሩስ? የሰው ስንዴ እየረገፈ ነው። መጀመሪያ እሱን ጨርስ።»

እኛ እንሠራዋለን ብለን ለመንነው። መልሱ ዘበኛውን ጠርቶ የግቢውን በር ማስቆለፍ ነበር። ሰው እናቱን እንዳይቀብር በር አስቆለፈ። ጋሼ ማሽኑ ሥር ገብቶ እያለቀሰ ሠራ፤ ጨርሶ ዴራ ሲደርስ ቀባሪው ተመልሷል።

በማግሥቱ ተያይዘን ለቅሶ ደረስን። ባለቤቱ ዝር አላለም። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ «አሠሪው የታለ?» እያለ ይጠይቀናል፤ እኛ አንገታችንን እንደፋለን። ዴራ ደግሞ መንገድ ዳር ናት፤ አውቶቡስ ሁሉ እዚያ ቆሞ ወሬ ጭኖ ይሄዳል። ጋሼ ወደ ጋራዡ አልተመለሰም።

ሰውዬው ሲጨንቀው አዲስ መካኒክ እንዳመጣለት ናዝሬት ላከኝ። ጥሩ ደመወዝ፣ ነጻ ቤት፣ የፈለጉትን ሁሉ በላቸው አለኝ። ጋራዥ ለጋራዥ እየዞርኩ ስለ አሰላ ማውራት ስጀምር ለቀባሪው አረዱት ሆነ። ሁሉም ሰምቷል። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የወጣ አንድ ጎበዝ ወጣት ብቻ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

«ደመወዙስ ጥሩ ነው» አለኝ። «እናቴ ግን አርጅታለች።»

ልጁን አልተቀየምኩትም። የተናደድኩት ያን የመሰለ ነውር ሠርቶ፣ በእኔ ምላስ ሊሸፍነው በላከኝ ሰው ላይ ነው። መንገዱን ሁሉ ጥርሴን ነክሼ ተመለስኩ።

«ማንንም አላመጣህም? ብር አነሳቸው?»

«ብር አይደለም፣ ጌታዬ። የሚጠይቁት እናታቸውን ለመቅበር ይፈቀድላቸው እንደሆነ ነው።»

ያፍራል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ አገጩን እያሻሸ ትንሽ አሰበና፣ «እንግዲያው እናት የሌለው ፈልግልኝ» አለ።

የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አይቀልድም።

የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩለት። እናቴ ደብረ ብርሃን በሕይወት ነበረች።