በቤት ውስጥ የሚዘንብን ዝናብ የተረጎሙልን ጋሼ ገለታ

የመቱ ሰው በፍርድ ቤት አስተርጓሚነታቸው የሚያውቃቸው ጋሼ ገለታ ባለፈው ሳምንት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ሥራውን ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸውና፣ ለምታውቋቸው ሁሉ ጥቂት ልጽፍላችሁ ወደድኩ።

ጋሼ ገለታ ከአፋን ኦሮሞ ወደ አማርኛ ሲመልሱ ማሳመር አይወዱም ነበር። ሥራ እንደጀመርኩ፣ «ልጄ፣ የሰው ቃል የሰው ንብረት ነው፤ አትንኪው» አሉኝ። ተከራካሪው ቢንተባተብ እርሳቸውም አብረው ይንተባተባሉ።

ልብ ወለድ ግን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም ነበር። «ያልተማለበት ምስክርነት» ይሉታል። ይህን አቋማቸውን ያስለወጣቸው፣ ለተዘዋዋሪ ችሎት ያዮ በሄድንበት ጊዜ ሆቴላችን ውስጥ ያገኙት መጽሐፍ ነው። የያዮን ደን ሊያይ የመጣ እንግዳ ረስቶት የሄደ፣ ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመ የአንድ ጃፓናዊ ደራሲ ሥራ ነበር። በታሪኩ ውስጥ፣ ውጭው ፀሐይ ሆኖ ሳለ በአንድ ሰው ቤት ውስጥ ብቻ ይዘንባል። ሰውየው ጃንጥላውን ዘርግቶ ሻዩን ያፈላል፣ ይኖራል። ለምን እንደሚዘንብ ደራሲው አንድም ቦታ አይናገርም። ጋሼ ገለታ ወደ መቱ ስንመለስ መኪና ውስጥ አንብበው ጨረሱት። ስንወርድ፣ «ይህ ጃፓናዊ ይዋሻል» አሉኝ፤ «ግን አንዴም ቃሉን አይለዋውጥም። እንዲህ ያለ ምስክር አይቼ አላውቅም።»

ከዚያ ወዲያ በምሳ ሰዓት በፍርድ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ለባለጉዳዩም ለሠራተኛውም መጽሐፉን በቃል ይተረጉሙልን ጀመር። የኢሉባቦር ሰው ስለ ዝናብ አስተያየት አያጣምና፣ ጥበቃው፣ «ቆርቆሮውን ለምን አይቀይርም?» ብሎ ተከራከረ። ጋሼ ገለታ ከመነጽራቸው በላይ ተመለከቱት። «ምስክሩ አላለም፤ እኔም አልጨምርም» ብለው ንባባቸውን ቀጠሉ።

እናቴ ስታርፍ አንደበቴ ተዘጋ። አላለቅስም፣ አልናገርም። በአፏ ሠርታ ለምታድር ሰው ይህ ሥራንም ማጣት ነው። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ «በርቺ» ይለኛል። ጋሼ ገለታ ግን መጽሐፉን ይዘው መጡና አጠገቤ ተቀምጠው ያንኑ ታሪክ በአፋን ኦሮሞ መተረክ ጀመሩ። አክስቴ ተቆጡ።

«ኩን ማሊ? ለቅሶ ቤት ውስጥ ይሄ ምንድን ነው?»

ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ግን ራሳቸው ጠየቁ። «ሰውየው ዘመድ የለውም? አብሮት የሚቀመጥ ሰው እንዴት ይጠፋል?»

«የለውም» የሚል ድምፅ ተሰማ። የእኔ ድምፅ ነበር። «ማንም የለውም» ብዬ ደገምኩት፤ ከዚያም አለቀስኩ። ጋሼ ገለታ መጽሐፉን አጥፈው እስኪመሽ አብረውኝ ተቀመጡ። በሳምንቱ ወደ ችሎት ተመለስኩ።

ጋሼ ገለታ፣ በቀብርዎ ላይ የሕይወት ታሪክዎን በሁለቱም ቋንቋ ያነበብኩት እኔ ነኝ። መሃል ላይ ድምፄ ተሰበረ። ሰዎች ወረቀቱን ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ አልሰጠኋቸውም። በሰላም ይረፉ፣ አባቴ። እስከ መጨረሻው አነበብኩልዎ።