የማርሊስ ቅንድብ

ማርሊስ ቫንደርዊል በአሜሪካ፣ በአንዲት የአዮዋ ግዛት የገጠር ከተማ ቤተ ክርስቲያን ሃያ ሁለት ዓመት ኦርጋን ስትጫወት አንድም እሑድ ጣቷ ተሳስቶ አያውቅም። ያን ማክሰኞ ጠዋት ግን የልጇን ካፖርት መቆለፍ አቃታት። ባሏ አርለን ከአሳማዎቹ በረት በጭቃ ጫማው መጥቶ ቆለፈላት።

"የጆሮ ምርመራ እኮ ነው" አላት። "ልጅቷ በእኔ ነው የወጣችው። አንቺ ስትጠሪኝ እኔስ መቼ እሰማሻለሁ?"

"አንተማ እየሰማህ ነው ዝም የምትለው።"

"እሷስ እየሰማች እንዳልሆነ በምን ታውቂያለሽ?"

ማርሊስ አልሳቀችም። ፈርታ ነበር፤ ያውም ክፉኛ።

ራዲ አምስት ዓመቷ ነው። ከቡልጋሪያ የሕፃናት ማሳደጊያ ካመጧት ገና ሰባት ሳምንቷ ነው። ወረቀቷ ላይ የተጻፈው ችግር አንድ ነበር፤ ከንፈርና ላንቃዋ ተሰንጥቆ መወለዷ። ሐኪም ቤት በሄዱ ቁጥር ግን አንድ ያልታሰበ ነገር ይጨመራል። አንዴ የደም ማነስ፣ አንዴ ኩላሊት። ስልክ በጮኸ ቁጥር የማርሊስ ልብ ድንግጥ ይላል።

ከሁሉ ይልቅ የምትፈራው ግን የጆሮዋን ነገር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ልጅ በጉዲፈቻ ለማምጣት የሚጠይቅ ሁሉ የሚሞላውን ቅጽ ከአርለን ጋር ሞልተው ነበር። ምን ዓይነት ሕመም ያለበት ልጅ ትቀበላላችሁ? ከእያንዳንዱ ሕመም ፊት አዎና አይ። ላንቃ፣ አዎ። ልብ፣ አዎ። እግር፣ አዎ። "መስማት የተሳነው" የሚለው ጋ ሲደርሱ አርለን ቀና ብሎ አያት። ማርሊስ እስክሪብቶውን ተቀብላ አይ ላይ ምልክት አደረገች። እናቷ ያሳደገቻት እየዘመረችላት ነው፤ ያለ ዜማ እንዴት እናት እንደሚኮን አታውቅም። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስተውት አያውቁም። የዚያ አገር ሰው የሆዱን አይናገርም። ራዲ የመጣች ሳምንት እንኳ ጎረቤቱ ደስታውን የገለጸው አሥራ አንድ ትሪ የተጋገረ ድንችና ሥጋ በማምጣት ነው።

ራዲ አንድም ቃል አትናገርም። ላንቃዋ ነው ይላሉ፣ ቋንቋው አዲስ ሆኖባት ነው ይላሉ። ማርሊስን ግን ዓይኗን ሳትነቅል ታያታለች። "በጣም ወዳሻለች!" ይሏታል የመዘምራኑ ሴቶች፤ እሷም ይህን አምና ደስ ብሏት ሰንብታለች።

የምርመራው ክፍል ጠባብ ነው፤ ግድግዳው በወፍራም ስፖንጅ ተሸፍኗል። ጆዲ የምትባል ወጣት ባለሙያ ጨዋታውን ለራዲ በምልክት አሳየቻት፤ ድምፅ ሲሰማ አንድ የእንጨት ቁራጭ ባልዲ ውስጥ መጣል። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሊያደርጉላት ሲሉ ራዲ ስላለቀሰች፣ ድምፁ ከግድግዳው ድምፅ ማጉያ እንዲወጣ ተደረገ። ጆዲ ክፍሉን ከሚከፍለው መስታወት ማዶ ሄደች፤ ማርሊስ ከልጇ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

ድምፅ ሲመጣ ቁራጭ ይወድቃል። ድምፁ ማርሊስ ራሷ በጭንቅ እስክትሰማው ድረስ ቀነሰ። ራዲ አሁንም ጣለች።

"ጎበዝ!" አለች ጆዲ በድምፅ ማጉያው። "ወይዘሮ ማርሊስ፣ ጆሮዋ እኮ ከእኔም ይሻላል!"

ማርሊስ እፎይ ብላ ወደ መስታወቱ ዞር ስትል የገዛ ፊቷን አየች። ድምፁ መጣ። ቅንድቧ ተነሣ። ቁራጩ ወደቀ።

ሁለት እጇ ኦርጋኑ ላይ ስለሚሆን፣ መዘምራኑ እንዲጀምሩ ምልክት የምትሰጣቸው ሁልጊዜ በቅንድቧ ነው። ሳታውቀው ይነሣል።

ዝም ብትል ማንም አያውቅም፤ ምርመራው አለቀ ይባላል፣ ወደ ቤት ይሄዳሉ። ለአንድ ድምፅ ያህል ዝም አለች። ቅንድቧ ተነሣ፣ ቁራጩ ወደቀ። አሳፈራት። ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ድምፅ መጣ። ከባልዲው ምንም የለም። ድምፁ ጨመረ፤ አሁንም ምንም። ማርሊስን ጆሮዋን እስኪያማት ጮኸ። "አንዴ ብቻ ጣይ፣ የኔ ልጅ፣ አንዴ ብቻ" አለች በልቧ። ከዚያ ትንሽ እጅ አገጯን ይዞ ፊቷን መለሰው።

"ምነው፣ ደከማት?" አለች ጆዲ።

"አልደከማትም። አትሰማም።" የማርሊስ እንባ ወረደ። "ፊቴን እያየች ነው ስትጥል የነበረው። እኔ ነኝ ስነግራት የነበርኩት።"

ራዲ እንባውን አየች። ያጠፋች መሰላት። ሮጣ ወደ ባልዲው ሄዳ አንድ ቁራጭ ጣለችና ማርሊስን አየቻት። እንባው አልቆመም። ሁለት ጣለች። የቀሩትን ሁሉ አፍሳ ጣለች። የሚጣል ሲያልቅባት አንድ ጫማዋን አውልቃ ጨመረች፤ ፊቷ በፍርሃት አመድ መስሏል።

ይህችን ልጅ ነው ቅጹ ላይ አይ ያልኳት፣ አለች ማርሊስ በልቧ። ፍርሃቱ አልለቀቃትም፤ ነገ ምን እንደምታደርግ አንድም ነገር አታውቅም። ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ ፊቷን ወደ ልጇ ፊት አስጠግታ፣ ቅንድቧን ቀስ አድርጋ አነሣች።

ራዲ ሁለተኛውን ጫማዋን ጣለች።